ተውበቱም ዛሬ፣ ሕክምናውም ዛሬ

የረመዳን ጨረቃ ልትታይ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም በየዓመቱ የምናየው አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። ዓመቱን ሙሉ ከመስጂድ ደጃፍ ርቀው የከረሙ ወጣቶች አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ። ከእነርሱም መካከል አረቄ የለመዱ አይጠፉም። «ከዛሬ ሌሊት ጀምሮ አልቀምሳትም» ብለው ይምላሉ። እናት በደስታ ታለቅሳለች፤ አባት አላህን ያመሰግናል፤ ጎረቤትም «ማሻ አላህ» ይላል። ደስታው ተገቢ ነው። ሆኖም ከዚያ መሐላ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ በሰውየው ገላ ላይ ምን ሊደርስ እንደሚችል የሚያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውም ስለ እነዚያ ሦስት ቀናት ነው።

ያየነው ነገር

ቀድሞ ተማሪያችን የነበረ አንድ ልጅ፣ ስሙን ለቤተሰቡ ክብር ስንል አንጠቅሰውም፣ ከቡሬ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ በጭነት መኪና ረዳትነት ይሠራ ነበር። ሌሊት እንቅልፍ እንዳይጥለው፣ ቀን ረሃብ እንዳይሰማው ጫት ይቅማል። መኪናው ሲቆም ምርቃናው እንቅልፍ ስለሚነሳው «ለጨብሲ» እያለ አረቄ ይጠጣል። መጀመሪያ አንድ መለኪያ ነበረች። ኋላ ግማሽ ጠርሙስ ሆነች። በመጨረሻም ጠዋት ሳይጠጣ እጁ እየተንቀጠቀጠ የሻይ ብርጭቆ እንኳ መያዝ የማይችል ሆነ።

በረመዳን ዋዜማ ይህ ልጅ ተውበት አደረገ። አረቄውን በአንድ ሌሊት ተወ። ጫቱን ግን «አረቄዋን ያስረሳኛል» ብሎ ያዘው። ቀን ይጾማል፤ ከኢፍጣር በኋላ እስከ ሱሑር ይቅማል፤ ምግብ አልዋጥ ይለዋል፤ እንቅልፍም በዓይኑ አይዞርም። በመጀመሪያው ሌሊት ላብ አጠመቀው፤ ሰውነቱም ተንቀጠቀጠ። ቤተሰቡ «ሸይጧን እየታገለው ነው፤ ያልፍለታል» አለ። በሁለተኛው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ጮኾ ወደቀ። ዓይኑ ተገለበጠ፤ እጅና እግሩ ተንዘፈዘፈ፤ ምላሱንም ነከሰ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ ክብሪት ጭሮ ሊያሸተው ሞከረ። ሌላው «ጂን ነው፣ አትንኩት» አለ። ሦስተኛው ማንኪያ በአፉ ሊያስገባ ታገለ። ቁርኣን የሚቀራም ነበር። መግሪብ ሳይደርስ ልጁ ዳግመኛ ወደቀ። ይህን ጊዜ አጎቱ «ዱዓውን በመንገድ ላይ እናደርጋለን» ብለው በባጃጅ ጭነው ወደ ሕክምና ወሰዱት። የተቀበላቸው ሐኪም ገና እንዳየው እናቲቱን የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ «እናቴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው መቼ ነው?» እናቲቱ አፍረው ዝም አሉ። አጎትየው ግን እውነቱን ተናገሩ። ልጁም በአላህ ፈቃድ ተረፈ።

የዚያን ዕለት በዝምታ ቢታለፍ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከሐሳባችን አልወጣም።

ሰውነት ለምን ይንዘፈዘፋል?

በጎጃም ገጠር በበቅሎ የተጓዘ ሰው ልጓምና አለንጋ ምን እንደሚሠሩ ያውቃል። በሰው አንጎል ውስጥም አላህ የፈጠራቸው እንደ ልጓምና እንደ አለንጋ ያሉ ነገሮች አሉ። ልጓሙ ጋባ የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን የአንጎልን ሥራ ያረጋጋል። አለንጋው ግሉታሜት ይባላል፤ እርሱ ደግሞ ያነቃል። ጤነኛ ሰው በእነዚህ በሁለቱ ሚዛን ይኖራል።

አልኮል ልጓሙን ያጠብቃል፤ አለንጋውን ያዳክማል። የሰከረ ሰው ምላሱ የሚተሳሰረውና የሚተኛው ከዚህ የተነሣ ነው። አንድ ሰው በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ አንጎል ይህን ለመቋቋም የራሱን ልጓም እያላላ፣ አለንጋውን እያበረታ ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ ወራትና ዓመታት ያልፋሉ። ከዚያም መጠጡ በድንገት ሲቆም የላላው ልጓምና የበረታው አለንጋ ብቻቸውን ይቀራሉ። በቅሎዋም ትፈረጥጣለች ማለት ነው።

የሚሆነው በሰዓት የሚታወቅ ነው። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራሉ። መንዘፍዘፉ የሚመጣው ባብዛኛው ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከ48 እስከ 96 ሰዓት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ሊከተል ይችላል፤ ትኩሳት፣ መቃዠት፣ የሌለ ነፍሳትና አውሬ ማየት፣ ቤተሰብን አለማወቅ። ይህ የመጨረሻው ሳይታከም ከቀረ ይገድላል።

የሚጠጡ ሁሉ እንዲህ ይሆናሉ ማለታችን አይደለም። አደጋው የሚበረታው በየቀኑ አብዝቶ በሚጠጣ፣ ጠዋት ካልጠጣ በሚንቀጠቀጥና ከዚህ ቀደም ሲያቆም በወደቀ ሰው ላይ ነው። በአገራችን ከዳጉሳ፣ ከብቅልና ከጌሾ የሚወጣው ዳግም አረቄ የአልኮል መጠኑ እስከ 45 በመቶ ይደርሳል። ጠላ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስለዚህ «የሀገር ቤት መጠጥ ነው፣ አይጎዳም» የሚለው አባባል ከንቱ ነው።

ይህ እንዴት ታወቀ?

ቀድሞ ብዙ ሐኪሞች የጠጪን መንዘፍዘፍ ከምግብ ጉድለት ወይም ከመጠጡ መርዝ ጋር ያያይዙት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ሃሪስ ኢዝቤልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ኬንታኪ፣ ሌክሲንግተን ከተማ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ቀድሞ በሞርፊን ሱስ ለተያዙ 10 ሰዎች በቂ ምግብና ቫይታሚን እየሰጡ ለሳምንታት አልኮል አጠጧቸው፤ ከዚያም በድንገት አቆሙባቸው። ለረጅም ጊዜ ከጠጡት መካከል የተንዘፈዘፉና የቃዡ ተገኙ። ሰውን እንዲህ ለሙከራ ማድረግ በዛሬው የሕክምና ሥነ ምግባር የሚፈቀድ አይደለም፤ እኛም አናመሰግነውም። ውጤቱ ግን አንድ ነገር አረጋገጠ፦ ሰውየው በደንብ እየበላም ቢሆን በድንገት ማቆሙ ብቻውን ሊጥለው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ ከ500 በላይ ታካሚዎች የተካፈሉበት የአሜሪካ ጥናት ወጣ። ክሎርዲያዜፖክሳይድ የሚባለውን መድኃኒት ከወሰዱት መካከል የወደቁት እጅግ ጥቂት ነበሩ። ክሎርፕሮማዚን የሚባለውን ሌላ የማረጋጊያ መድኃኒት የወሰዱት ግን ከእነርሱ በብዙ የበለጠ ወደቁ። ከዚህ የምንማረው «የሚያስተኛ መድኃኒት ሁሉ አንድ ነው» ብሎ ከየሱቁ ገዝቶ መስጠት አደገኛ መሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ሌላ ጥናት አንድ ጊዜ ወድቀው ሆስፒታል ከመጡ 186 ሰዎች መካከል ሎራዜፓም በመርፌ ከተሰጣቸው ዳግመኛ የወደቁት 3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ካልተሰጣቸው ግን 24 በመቶ ወድቀዋል። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው ዳያዜፓም በአገራችን ሐኪም ቤቶች የታወቀ መድኃኒት ነው። ከዚህ ጋር በጠጪ ሰው ገላ ውስጥ የሚያልቀው ቫይታሚን ቢ1 ይሰጣል። እንግዲህ የሚያድን ነገር አለ፤ የሚጎድለው በጊዜ መድረሱ ነው።

ጫት የአረቄ ምትክ ይሆናልን?

ያ ልጅ «ጫቱ አረቄዋን ያስረሳኛል» ያለውን ብዙ ወጣቶች ይሉታል። ስለዚህ በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት እንቆይ።

ጫት እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን እንደሚያጠፋ ከታወቀ ዘመናት አልፈዋል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የደማስቆ ተወላጅ ጸሐፊ ኢብን ፈድሉላህ አል-ዑመሪ ስለ ሐበሻ ሙስሊም ግዛቶች ሲጽፍ ጫትን ጠቅሶ፣ መብልንና እንቅልፍን እንደሚቀንስ አስፍሯል። በ974 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ታላቁ ዓሊም ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚም በጫት ላይ ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፈው፣ ቁርጥ ያለ ሐራም ነው ባይሉም ከእርሱ መራቅን መክረዋል። ዑለማዎች በጫት ላይ እስከ ዛሬ የተለያየ አቋም እንዳላቸው እናውቃለን። እኛ እዚህ ፈትዋ ለመስጠት አልተቀመጥንም፤ የምንናገረው ስለ ጤናው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1975 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቤተ ሙከራ በእርጥብ ጫት ውስጥ ካቲኖን የተባለውን ዋና አነቃቂ ንጥረ ነገር ለየ። በጄኔቫ የሠሩት ተመራማሪ ፒተር ካሊክስ በ1980ዎቹ ባደረጓቸው ጥናቶች ካቲኖን አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር በአሠራሩ እንደሚመሳሰል አሳዩ። የውፍረት መቀነሻ ተብሎ የሚሸጠው አምፌፕራሞንም በኬሚካል አሠራሩ የካቲኖን ዘመድ ነው። ይህ ክኒን በአንዳንድ የሚጥል በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ መንዘፍዘፍን ሊያብስ እንደሚችል በራሱ ማስጠንቀቂያ ላይ ተጽፏል። እህቶቻችን «ያከሳል» የተባለ ክኒን ከመዋጣቸው በፊት ይህን ቢያስቡ መልካም ነው።

የሚገርመው ደግሞ «አነቃቂን ለአረቄ መድኃኒት» የማድረግ ሐሳብ የረዳቶቻችን ብቻ አለመሆኑ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ አንዳንድ የአሜሪካ ሐኪሞች የመጠጥ ሱስ የያዛቸውን ሰዎች በአምፌታሚን ለማከም ሞክረው በሕክምና መጽሔቶች ላይ ጽፈዋል። መድኃኒቱ በዚያው ዘመን ለማክሳትም ይታዘዝ ነበር። ኋላ ግን ራሱ ሱስ አስያዥ ሆኖ ተገኘ፤ ሕክምናውም ተተወ።

ምክንያቱ ከልጓሙና ከአለንጋው ምሳሌ ይገባናል። አረቄ ያቆመ ሰው ልጓሙ ላልቶ፣ አለንጋው በርትቶ ሳለ ጫት ሲቅም በበቅሎዋ ላይ ሌላ አለንጋ ጨመረ ማለት ነው። እንቅልፍ ማጣት ብቻውን መንዘፍዘፍን ይጠራል፤ ጫት ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል። ሰውየው መብላት ይገባዋል፤ ጫት ግን ምግብ ይዘጋል። ልቡ እየፈጠነ ሳለ ጫት ይበልጥ ያፈጥነዋል። ይህም ሳያንስ ከምርቃናው ለመውረድ ተመልሶ ጨብሲ ያሰኘዋል። ሁለቱ ሱሶች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚዞሩ ናቸው።

በቡታጅራ አካባቢ በ10,468 አዋቂዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት ከሰዎቹ ግማሽ ያህሉ ጫት እንደሚቅሙ፣ 17.4 በመቶውም በየቀኑ እንደሚቅሙ ተገልጿል። ጫትን ለሚተው ሰው አንድ የሚያጽናና ነገር እንንገረው። ጫት ሲቆም ድካም፣ ድብርትና ዱካክ ይመጣል፤ ነገር ግን እንደ አረቄ በመንዘፍዘፍ የሚጥል አይደለም። ስለዚህ «ሁለቱን ባንድ ጊዜ መተው ይከብዳል» ተብሎ ጫት እንደ ምርኩዝ መያዝ የለበትም።

ጂን ነው ወይስ ሕመም?

ጂን መኖሩን እናምናለን፤ ቁርኣን ተናግሮታልና። ሩቅያም የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሱንና ነው። ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ ሰውየው ከወደቀ በኋላ ወደ ሐኪም ለመሄድ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ገጠር አድርገው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ከ1,000 ሰዎች መካከል 5.2 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ተገኝቷል። በሽታውን ከክፉ መንፈስ ጋር የማያያዝና «ይተላለፋል» ብሎ የመፍራት ልማድም በሰፊው እንዳለ ጥናቶቻቸው አሳይተዋል። ፍርሃቱ ግን መሠረት የለውም፤ በአረፋም በመንካትም አይተላለፍም። አረቄ አቁሞ የወደቀ ሰው ደግሞ ለዕድሜ ልኩ የሚጥል በሽታ ያዘው ማለት አይደለም። ምክንያቱ የታወቀ፣ መድኃኒቱም ያለ ነው። ቁርኣኑ በመኪናው ውስጥም ይቀራል።

ዲናችን ምን ያስተምረናል?

ኸምር ሐራም መሆኑ ክርክር የለውም። ሆኖም አላህ (ሱ.ወ.) ይህን ሕግ ያወረደው በደረጃ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በመጀመሪያ በአል-በቀራ 219 ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተነገረ። ቀጥሎ በአን-ኒሳእ 43 ሰክሮ ወደ ሶላት መቅረብ ተከለከለ። በመጨረሻም በአል-ማኢዳ 90 ፈጽሞ ተከለከለ። ሱስ የያዘውን ሰው ፈጣሪው ያውቀዋል፤ አዝኖለታልም።

ዛሬ ግን ክልከላው የተሟላ ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ኸምር ራሱ በሽታ እንጂ መድኃኒት እንዳልሆነ አስተምረዋል። ስለዚህ «ጥቂት እየቀመሰ ይተው» የሚለውን ለሰፈር ምክር አንተውም። አረቄ የለመደ ሰው ተውበት ባደረገበት በዚያው ቀን በሐኪም ደጃፍ ይገኝ። ሐኪሙ ልጓሙን በመድኃኒት ይዞለት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ እየቀነሰ ያወጣዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለው ያዘዙት እንዲህ ላለው ቀን ነው።

«መድኃኒቱ ራሱ ያደነዝዝ የለምን?» የሚሉ አሉ። መድኃኒቱ በሐኪም ተመጥኖ፣ ለተወሰኑ ቀናት፣ ነፍስን ለማዳን የሚሰጥ ነው። ለስካር በየገበያው የሚዋጠው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ልቡ ያልረጋ ሰው ኢማሙን ይጠይቅ፤ ግን ሐኪም ቤት ሆኖ ይጠይቅ። ጾምንም በተመለከተ አላህ ለበሽተኛ ፈቅዷል፤ ሲድን ቀዷውን ያወጣል። በመጾሙ የሚሞት ሰው ጀግና አይባልም።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ልጅ፣ ወንድም ወይም ባል «ልተው ነው» ሲል በደስታ ተቀበሉት፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። ከገጠር የሚመጣ ከሆነ መንገዱንና ማረፊያውን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። መንቀጥቀጡ ከጀመረ አታሳድሩ።

ሁለተኛ፣ ለሐኪሙ እውነቱን ተናገሩ፤ ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ መጨረሻ የጠጣው መቼ እንደሆነ፣ ጫት መቃሙን፣ የወሰደውንም ክኒን። ሐኪም የሰማውን ምስጢር ይጠብቃል።

ሦስተኛ፣ ከወደቀ ከምድጃና ከድንጋይ አርቁት፤ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፤ የአንገት ልብሱን አላሉ። መንዘፍዘፉን በኃይል ለማስቆም አትታገሉ። ማንኪያም፣ ጣትም፣ ውሃም በአፉ አታስገቡ፤ ክብሪትም አታሸቱት። ሲረጋጋ በጎኑ አስተኙት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ከደገመው ጊዜ ሳትሰጡ ውሰዱት። ቢረጋጋም ሐኪም ሳያየው አይደር።

አራተኛ፣ በክፍል ቆልፋችሁ ወይም አስራችሁ «ይወጣለታል» አትበሉ። ብቻውን በተቆለፈ ክፍል የወደቀን ሰው ማን ያነሳዋል?

አምስተኛ፣ ከዳነ በኋላ ያለፈውን እያነሳችሁ አታሸማቅቁት። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት ከአዋቂዎች 13.9 በመቶ የሚሆኑት የአልኮል ችግር ነበረባቸው፤ ከእነርሱም 87 በመቶው እርዳታ ፈልገው አያውቁም። እፍረት በር ይዘጋል። በሙስሊም ቤት ደግሞ እፍረቱ እጥፍ ነው፤ «የእገሌ ልጅ ይጠጣል» እንዳይባል ሕመምተኛው ይደበቃል። ወንድምን ከሞት ማዳን እያለ ስምን ማዳን ምን ይጠቅማል?

የመስጂድ ኢማሞቻችንም ረመዳን ከመግባቱ በፊት ባለው ጁሙዓ ይህን ጉዳይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢያነሱት የብዙ ቤት መከራ ይቀላል ብለን እናምናለን፦ «መተው የምትፈልግ ወንድሜ፣ ዛሬ ተው፤ ዛሬውኑም ሐኪም ዘንድ ሂድ።»

ያ ተማሪያችን የጎደለበትን ጾም ኋላ ቀዷ አውጥቷል። አረቄውንም ጫቱንም ተወ፤ የሌሊቱን የመኪና ሥራም ለወጠ። እናቱ አሁንም ሲተኛ ተነስተው እስትንፋሱን እንደሚያዳምጡ ነግረውናል። ልጅን በተውበቱ ማግሥት ማጣት የቀረበት ቤት እንዲህ ነው።

አላህ ተውበት ያደረጉትን ይቀበላቸው፤ የታመሙትን ይፈውስልን፤ እኛንም በዕውቀት የምንረዳዳ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።